የሲኒማ ቤት ስሙና ሥራው
(ስለ ፓሪሱ «ሉክሶር» የቀረበ ጥናት)

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከአረጋውያን ሰምተናል። ስንሰማው እንሥቃለን። ነገር ግን አባቶቻችን አንድ ነገር አልሳቱም፤ ቤት ስም የሚያወጣው ከግድግዳው ሳይሆን በውስጡ ከሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ሐሳብ ይዘን በፓሪስ ከተማ የሚገኘውን አንድ የታደሰ ሲኒማ ቤት እንመርምር። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ አሮጌ ሲኒማ ቤት ታደሰ የሚባለው ምኑ ሲታደስ ነው? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ. የቤቱ ታሪክ

ሉክሶር ባርቤስ በሚባለው ሠፈር፣ ታላላቅ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የቆመ ቤት ነው። የቤቱን ንድፍ የሠራው አንሪ ዚፕሲ የሚባል አርክቴክት ሲሆን፣ ቤቱ ለሕዝብ የተከፈተው በኦክቶበር 1921፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳይኖረው ነው። ስሙ ከግብፅ ስለ ተወሰደ ጌጡም የግብፅ ሆነ፤ የፓፒረስ ተክል የሚመስሉ ዓምዶችና ክንፍ ያለው የፀሐይ ክብ በባለ ቀለም ሞዛይክ ተሠሩለት። የቱታንክሃሙን መቃብር የተገኘው በ1922 ስለ ሆነ፣ ቤቱ ከዚያ ታላቅ ወሬ የቀደመ ነው።

ባለ ድምፅ ፊልም ከመጣ በኋላ የአዳራሹ መልክ ደጋግሞ ተለወጠ፤ የግብፁም ጌጥ በቀለም ሥር ተቀበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሰሜን አፍሪካና ከሌላም አገር ለሥራ የመጡ ሰዎች በሠፈሩ በረከቱ። ሉክሶርም የግብፅና የሕንድ ፊልም የሚያሳይ፣ ሠራተኛው ከድካሙ በኋላ የሚያውቀውን ቋንቋና ዜማ የሚሰማበት ቤት ሆነ። ይህን ዘመን የውድቀት ዘመን ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። ምክንያቱን ኋላ እናስረዳለን።

በ1983 ቤቱ ሲኒማ መሆኑ ቀረ፤ ተሸጠም። ጥቂት ጊዜ የጭፈራ ቤት ሆነ፤ ከዚያም ደጁ ተዘግቶ ለብዙ ዓመታት ባዶውን ቆመ። የሠፈሩ ሰዎች ግን ዝም አላሉም፤ ማኅበር አቋቁመው ቤቱ ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመለስ ጮኹ። የፓሪስ ከተማ አስተዳደርም በ2003 ገዛው።

፪ኛ. የግድግዳው እድሳት

ሥራው የተሰጠው ፊሊፕ ፑሜን ለሚባል አርክቴክት ነበር። ሁለት ችግር ገጠመው። አንደኛው፣ ቤቱ አጠገብ ባቡር በከፍታ ድልድይ ላይ ያለ ማቋረጥ ይመላለሳል፤ የባቡሩ ድምፅ ከገባ ፊልም ሊሰማ አይችልም። ሁለተኛው፣ ከቀለሙ ሥር የተገኘው የ1921 ጌጥ በጣም ተጎድቶ ነበር። መፍትሔው በአዳራሽ ውስጥ ሌላ አዳራሽ መሥራት ሆነ። በአሮጌው ግድግዳና በአዲሱ መካከል ባዶ ስፍራ ተትቶ ድምፅ ተከለከለ፤ በአዲሱም ግድግዳ ላይ የጥንቱ ጌጥ እንደ ገና ተሣለ። ከዋናው አዳራሽ ሌላ ሁለት ትናንሽ አዳራሾች ከምድር በታች ተሠሩ። ቤቱም በአፕሪል 2013 ተከፈተ።

፫ኛ. የፊልሙ ምርጫ

ዋናው አዳራሽ የተሰየመው በእስክንድርያ ተወልዶ በ2008 በሞተው በግብፃዊው የፊልም አዘጋጅ በዩሱፍ ሻሂን ነው። ይህ ስያሜ ከጌጡ ሁሉ ይበልጣል እንላለን። የ1921 ሉክሶር የፈርዖንን ግብፅ ለጌጥ ወሰደ፤ የ2013ቱ ግን በሕይወት ያለችውን ግብፅ በስም አከበረ።

ሻሂን በ1958 ያወጣውን «ባብ ኤል ሐዲድ» የተባለ ፊልም እንመልከት። ነገሩ ሁሉ የሚፈጸመው በካይሮ ባቡር ጣቢያ ነው። ቂናዊ የሚባል አንካሳ ጋዜጣ ሻጭ፣ ሐኑማ የምትባለውን መጠጥ አዟሪ ይወድዳል፤ እርስዋ ግን የምትወደው የተሸካሚዎችን ማኅበር ለማቋቋም የሚታገለውን አቡ ሲሪን ነው። ቂናዊን ሆኖ የሚጫወተው ሻሂን ራሱ ነው። ቅናቱ ወደ እብደት፣ እብደቱም ወደ ጩቤ ይወስደዋል። ፊልሙ ወንጀለኛውን እንድንጠላ ብቻ አያደርገንም፤ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት፣ እርሱን ግን ማንም የማያየው ጣቢያ ምን እንዳደረገው ያሳየናል። በዘፈንና በጭፈራ የለመደው ተመልካች መጀመሪያ ፊልሙን አልወደደውም ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም ጊዜ የሚሰጠው ቤት ያስፈልገዋል።

፬ኛ. የገንዘቡ ነገር

ጊዜ መስጠት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በፈረንሳይ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ቲኬት ዋጋ ከመቶ 10.72 ተቀንሶ በ1946 ለተቋቋመው ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል ይገባል። ቲኬቱ አሥር ዩሮ ቢሆን አንድ ዩሮ ከሰባት ሳንቲም ያህል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለፊልም ሠሪዎችና ለሲኒማ ቤቶች ርዳታ ይውላል፤ «የጥበብና የሙከራ ሲኒማ» የተባሉ ቤቶችም እንደሚያሳዩት ፊልም ዓይነት ድርሻ ያገኛሉ። እንግዲህ የሆሊውድን የተኩስ ፊልም ለማየት የከፈለው ሰው ሳያውቀው ለሌላው ፊልም መብራት ያበራል ማለት ነው። ከተማዪቱም የሉክሶርን ባለቤትነት ይዛ ሥራውን ለባለሙያዎች በውል ሰጠች።

፭ኛ. ፍርዳችን

ከላይ የሠራተኛውን ዘመን ውድቀት አንለውም ያልነው ስለዚህ ነው። ቤቱን በክፉ ቀን በሕይወት ያቆየው ያ ተመልካች ነው። ግድግዳው ተወልውሎ፣ ፊልሙ ተመርጦ፣ ያ ሰው ግን በዋጋው ወይም በኀፍረት ከደጅ ከቀረ፣ የታደሰው ግማሹ ብቻ ነው። የሻሂን ስም በበር ላይ ተጽፎ ቂናዊ ውጭ ቢቀር ትልቅ ምፀት ይሆናል።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ከእኛ መካከል የጥበብ ፊልም እንወዳለን እያልን የሕንድ ፊልም አይቶ የሚያለቅሰውን ሰው የምንንቅ አለን። ንቀት ግን ዕውቀት አይደለም። ያ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ማልቀስን ያውቃል፤ ከእኛ የሚፈለገው አብረነው ተቀምጠን ሌላም ፊልም እንዲያይ መጋበዝ ነው። ስለዚህ የሉክሶር ትምህርት ባጭሩ ሦስት ነው፤ ቤቱን የሠፈሩ ሰው ይጠይቀው፣ ፊልሙን ዐዋቂ ይምረጠው፣ ደጁን ግን ማንም አይዝጋው።

ለውይይት፤
ሀ. በሠፈራችሁ ያለው አሮጌ አዳራሽ ቢታደስ የመጀመሪያው ሳምንት ፊልም ምን ይሁን?
ለ. የቲኬቱን ዋጋ ማን ይወስን?