ቴአትርና ሙዚቃ በአዲስ አበባ፦ የት፣ መቼ፣ እንዴት

ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሕክምና ወይም ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋን በመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል። ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችንም ቢሆኑ ቦሌ ላይ ቡና ጠጥተው፣ እንጦጦ ወጥተው፣ ቤተሰብ ዘንድ ተጋብዘው ሻንጣቸውን ያሰናዳሉ። አንድ እሁድ ከሰዓትና አንድ ምሽት ብቻ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ቢያማክረኝ፣ እሁዱን ለቴአትር፣ ምሽቱን ለአዝማሪ ስጥ እለዋለሁ። ሁለቱም ቦታ ተመልካቹ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የከተማዋን ሰው የሚያውቁትም እዚያ ነው።

ከቴአትሩ እንጀምር። ብሔራዊ ቴአትርን ለማግኘት አይቸገሩም፤ ፊት ለፊቱ የቆመው የአንበሳ ሐውልት የሰዎች መቀጣጠሪያ ነው። ሕንፃውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ነበር። ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከፈት ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ከእሱ ይቀድማል። የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ሲያደባ ነው፤ እነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ አቋቋሙት። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ ድምፁን ያሟሸው በዚህ ቤት ነው። ቤቱ የሚገኝባት ፒያሳ በቅርብ ዓመታት ክፉኛ ተለውጣለችና፣ የዱሮውን መንገድ አውቃለሁ ብለው ከመነሳትዎ በፊት አድራሻውን ከከተማው ነዋሪ ያጣሩ።

የአዲስ አበባ ቴአትር አሠራር ለእንግዳ ግራ ሊያጋባ ይችላል። አንድ ተውኔት በየምሽቱ ለሁለት ሳምንት ታይቶ አይወርድም። ከሳምንቱ አንድ ቀን ይሰጠውና በዚያው ቀን በየሳምንቱ ይታያል፤ ተመልካች ከወደደው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። «ባቢሎን በሳሎን» የተባለው ኮሜዲ ለዓመታት ከመድረክ ሳይወርድ የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ምን አለ?» ከማለት «በየትኛው ቀን ምን ይታያል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ በቴአትር ቤቱ ደጃፍ በተሰቀሉት ትልልቅ ሥዕላዊ ማስታወቂያዎች ላይ ይገኛል፤ ሬዲዮም ይነግርዎታል። ቤቶቹ ለእድሳት የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ አስቀድሞ መደወል አይከፋም። ትኬቱ በዕለቱ በመስኮት ይሸጣል። እሁድና በዓል ግን ሰልፍ ስለሚኖር ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ፤ «8 ሰዓት» ከተባለ ከቀኑ 8 ነው። ከውጭ የመጡ ወጣቶች ስልካቸው የሚያሳየውን ሰዓት ተከትለው ማታ ቢመጡ የሚያገኙት የተዘጋ በር ነው።

አዳራሹ ውስጥ ቤተሰብ ከነልጁ፣ ወጣት ከእጮኛው፣ አረጋዊ ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ ያገኛሉ። ተመልካቹ ከተዋናዩ ጋር ያወራል። ክፉው ገጸ ባሕርይ ሲያታልል «ኧረ በሕግ!» የሚል ይሰማል፤ ጥሩ ንግግር ሲመጣ ጭብጨባው ተዋናዩን ያስቆመዋል። ይህን እንደ ሥርዓት ጉድለት አይውሰዱት፤ ተዋናዮቻችን በዚህ ምላሽ ያደጉ ናቸው። ምርጫ ካለዎት ምክሬ ግልጽ ነው፤ የፀጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት መድረክ ላይ ካለ ሌላ ቀጠሮዎን ይሰርዙ። ፀጋዬ ብሔራዊ ቴአትርን በዳይሬክተርነት የመራ፣ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው ነው። ቃላቱ ሲነበቡ ይከብዳሉ፤ በጎበዝ ተዋናይ አንደበት ሲነገሩ ግን ክብደታቸው ወደ ጉልበት ይለወጣል። ይህን ከመጽሐፍ አያገኙትም።

ወደ ምሽቱ እንለፍ። አዝማሪ ቤት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መሄድ ትርፉ ባዶ ወንበር ነው። ሞቅ የሚለው ቆይቶ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች፣ ጠጅ በብርሌ፣ መሐል ላይ ማሲንቆ የያዘ ሰውና ከበሮ የምትመታ ወይም የምታቀነቅን ሴት። አዝማሪው መጀመሪያ ቤቱን ያጠናል። ማን ከማን ጋር መጣ፣ ማን አዲስ ልብስ ለበሰ፣ ማን ራሰ በራ ነው፤ ከዚያ ስምዎንና አገርዎን ይጠይቅና በዚያው ቅጽበት ግጥም ይደረድርልዎታል። ያሞግስዎታል፤ ሲያሞግስ ግን ይነካካዎታል። ሰሙ ምስጋና ሆኖ ወርቁ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ቤቱ ሲስቅ እርስዎ ዘግይተው ቢረዱ አይጨነቁ። መቆጣት ግን ነውር ነው። ቀልዱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ የመጣ ሁሉ ተረኛ ነው።

የአዝማሪ ቤትን ከሌላ መድረክ ሁሉ የሚለየው «ተቀበል!» ነው። እንግዳው ራሱ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ቤት የሚመታ ሁለት መስመር ግጥም ቤትዎ አዘጋጅተው ይምጡ። ስለ አብሮ አደግዎ፣ ስለ እናትዎ አገር፣ ስለ ናፈቀዎት ሰው ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የጻፉት ነገር በማሲንቆ ታጅቦ ሲመለስልዎ የሚሰማዎትን ደስታ በገንዘብ አይገዙትም። ሽልማት ግን ግድ ነው። ብሩን ግንባሩ ላይ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ እጁ ላይ ወይም ማሲንቆው ላይ ቢያደርጉም ያምራል። ዝርዝር ብር ይዘው ይሂዱ። እስክስታ ሲጋብዝዎት እምቢ አይበሉ፤ ትከሻዎ ባይታዘዝም መነሳትዎ ብቻ ይበቃል። ከመቅረጽዎ በፊት ግን ይጠይቁ። ግጥሙ የሰውየው እንጀራ ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ በይነ መረብ ላይ መልቀቅ ደግ አይደለም።

የአዝማሪ ቤቶች መንደር ለረጅም ዘመን ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ግንባታ ሲፈርስ ቤቶቹ ተበተኑ። ለከተማዋ ሙዚቃ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ አዝማሪ ከጎረቤቱ እየተፎካከረ የሚሳልበት ሰፈር በአንድ ጀንበር አይተካም። ሙያው ግን ከሰዎቹ ጋር አለ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃም ሥሩ ካዛንቺስ ነው። የዛሬውን አድራሻ ከአሮጌ ካርታ አይፈልጉ፤ የታክሲ ሾፌር ወይም የሆቴል ጥበቃ ይጠይቁ።

ከልጆች ወይም ከአረጋውያን ጋር ከሆኑ የባህል ምግብ ቤት ይሻላል። እንደ ዮድ አቢሲኒያ ባሉት ቤቶች እራት እየበሉ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን፣ የወላይታውን፣ የጎጃሙን ጭፈራ በአንድ ምሽት ያያሉ። የተጠና ትርኢት ነውና የአዝማሪውን ድንገተኛነት አይጠብቁበት። ጃዝ ለሚወድ ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ የቀየሰው ኢትዮ ጃዝ በየሆቴሉ በተወሰኑ ምሽቶች ይሰማል። ግጥምን ከጃዝ ጋር ያዋሐደው «ጦቢያ» በራስ ሆቴል ወር እየጠበቀ ሰው ሲያጎርፍ የኖረ መድረክ ነውና መኖሩን ይጠይቁ። ለቀን ሰዓት መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም አለ። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በጭቃ አሠራር ያነጹት ግቢ ከነአትክልቱ ግማሽ ቀን ይበላል።

ያለ ትኬት የሚታየው ትልቁ መድረክ ጎዳናው ነው። ነሐሴ ላይ የቡሄ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፤ በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በር ያንኳኳሉ። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ላይ ደመራ ይለኮሳል። በሁዳዴ ግን ጭፈራ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ያን ወቅት ለቴአትርና ለሥዕል ያውሉት።

ቀን መምረጥ የሚችል ሰው ጥርን ይምረጥ። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ለጥምቀት ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ የያሬድን ዜማ ያሰማሉ፤ ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። በማግስቱ ወጣቱ በየቡድኑ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። አንዱ ክብ ውስጥ ጎጃምኛ፣ ሌላው ውስጥ ጉራግኛ ይዘፈናል፤ ሰውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ነጭ ልብስ ይልበሱ፣ ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ስልክዎን በውስጥ ኪስ ይያዙ፣ መኪናዎን እቤት ትተው በእግር ይሂዱ። ጥር የሠርግም ወር ስለሆነ፣ ዘመድ ካለዎት ያለ አንድ የሠርግ ጥሪ አይመለሱም።