ፓስፖርት ሲቀየር የመኖሪያ ፈቃድ ይሰረዛል?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር የዘላቂ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቴን አሳድሼ ቁጥሩ ተቀየረ። ፈቃዴ ይሰረዝብኝ ይሆን? (ሰ.፣ ከለንደን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለእርስዎ እንጂ ለፓስፖርቱ ስላልሆነ አይሰረዝም። የሦስተኛ አገር ዜግነት ቢወስዱ እንኳ በዚህ ምክንያት ብቻ አያጡትም፤ የሚያጡት በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነትዎን ነው። «ታዲያ ሰው ለምን አየር ማረፊያ ላይ ይጉላላል?» ይሉ ይሆናል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ፈቃዱ ዛሬ በካርድ ሳይሆን በኢ-ቪዛ (በዲጂታል መዝገብ) ስለሚያዝ፣ አየር መንገዱ የሚያጣራው ከፓስፖርት ቁጥር ጋር የተያያዘውን መዝገብ ነው፤ አዲሱ ቁጥር ካልገባ ፈቃድ የሌለዎት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከመጓዝዎ በፊት በዩኬቪአይ (የእንግሊዝ የቪዛና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) አካውንትዎ ላይ አዲሱን ፓስፖርት ያስመዝግቡ፤ አሮጌውንም አይጣሉት። ይልቅ የሚያሰጋው ከእንግሊዝ አገር በተከታታይ ከ2 ዓመት በላይ መራቅ ነው፤ ያኔ ፈቃዱ በአብዛኛው ይቋረጣል። በአዲሱ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ወይም የልደት ቀን ተለውጦ ከሆነ ግን፣ እባክዎ ትኬት ሳይቆርጡ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።