የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ቀላል ቀብር በወሲያ ይጀምራል



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ «ለአካባቢ ተስማሚ ቀብር» የሚሉት ነገር እየተለመደ ነው። አስከሬኑ እንዳይፈርስ ኬሚካል አይወጋም፣ በብረት ሣጥን አይታሸግም፣ መቃብሩም ሲሚንቶ አይለብስም። እኛ ይህን በሱና አግኝተነዋል። ግን ይዘነዋል ወይ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተከፈኑት በሦስት ነጭ የጥጥ ጨርቆች ነው። በመካ በድሎት ያደገው ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) በኡሑድ ሸሂድ ሲሆን የተገኘለት አንድ ልብስ ብቻ ነበር፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይገለጣል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሱ እንዲሸፈን፣ እግሩ ላይም ኢዝኺር የተባለው ሣር እንዲደረግ አዘዙ። አቡበክር (ረ.ዐ) ደግሞ የለበሱት አሮጌ ልብስ ታጥቦ፣ ሁለት ተጨምሮበት እንዲከፈኑበት ተናዘዙ። አዲሱ ከሟች ይልቅ ለሕያው ይገባል አሉ።

ቀብር በኖራ እንዳይለሰንና እንዳይገነባበት መከልከሉን ሙስሊም ዘግበዋል። ለምልክት ያህል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) ራስጌ ያኖሩት ድንጋይ ነው።

ዛሬ ግን እብነ በረድ የሚያለብስ አለ፤ ለዚያም የሚበደር አለ። ብዙ ጊዜ ልጆቹ ሱናውን አጥተውት አይደለም፤ «ለአባታቸው ሰሰቱ» እንዳይባሉ ፈርተው ነው። ሐዘንተኛ ይሉኝታን መቋቋም ይከብደዋል። ይህን ሸክም ልታነሱላቸው የምትችሉት እናንተ ናችሁ፣ በሕይወት ሳላችሁ።

የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። «ገና ወጣት ነኝ» አትበሉ። ዛሬ ከሶላት በኋላ ወረቀት አንሡና ጻፉ፦

▪️ ዕዳዬ ይህን ያህል ነው፤ ይከፈልልኝ።
▪️ ከፈኔ ተራ ነጭ ጥጥ ይሁን።
▪️ ስታጠብ ውኃ አይባክን።
▪️ ቀብሬ ላይ ከአፈርና ከአንድ ድንጋይ በቀር ምንም አይሠራ።
▪️ ከንብረቴ፣ ከሲሶ ሳያልፍ፣ ይህን ያህሉ ለውኃ ጉድጓድ ወይም ለፍሬ ዛፍ ሶደቃ ይሁን።

ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላው ሁሉ ሶደቃ ሆኖ ይጻፍለታል። እብነ በረድ ይህን አያመጣም።

ስትጨርሱ ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ከቀብር በኋላ ከመሳቢያ የሚወጣ ወሲያ ለቀብሩ ምን ይጠቅማል?

አላህ ኻቲማችንን ያሳምርልን፣ ቀብራችንን ኑር ያድርግልን። አሚን!

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድ እንዳይረሳ። መልካም ጁሙዓ!