የሥራ ቦታ ደኅንነት ኮሚቴ፤ በመዝገብ ላይ ብቻ እንዳይቀር

ሰው የዕለት እንጀራውን ለማግኘት ማለዳ ከቤቱ በጤና ይወጣል፤ ማታም በጤና ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገባዋል። በእነዚህ ገጾች ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራርና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ነገር ግን አዋቂ ሰው ከቀኑ የሚበልጠውን ክፍል የሚያሳልፈው በሥራ ቦታው ስለ ሆነ፣ ጤንነቱ የሚጠበቀውም ሆነ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚያ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን በፋብሪካ፣ በጋራዥ፣ በማተሚያ ቤትና በሙያ ትምህርት ቤት ስለሚቋቋመው የደኅንነትና የጤንነት ኮሚቴ እንናገራለን።

ኮሚቴ ስንል ከአሠሪውና ከሠራተኛው ወገን የተመረጡ ጥቂት ሰዎች በተወሰነ ጊዜ እየተሰበሰቡ፣ በሥራ ቦታቸው ያለውን አደጋ ጉዳት ከማድረሱ በፊት የሚያዩበት፣ ስለ መፍትሔው የሚመክሩበትና የተወሰነው መፈጸሙን የሚከታተሉበት ጉባኤ ማለታችን ነው። ማየትና መምከር እምብዛም አያስቸግርም። ዘወትር የሚጐድለው ሦስተኛው ነገር፣ ማለት መከታተሉ ነው።

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት አደጋ ወደ ደረሰበት አንድ የዘይት መጭመቂያ ቤት ሄዶ ነበር። በሌሊት ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴት ነጠላዋ በቺንጋውና በመዘውሩ መካከል ተይዞባት፣ ክንዷ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። ነጠላው ያረጀ ስለ ነበረ ተቀደደ እንጂ አዲስና ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ሕይወቷም ባልተረፈ ነበር። ኮሚቴ የላችሁምን ብለን ብንጠይቅ፣ «አለን እንጂ» ብለው በጥሩ ጽሕፈት የተያዘ የቃለ ጉባኤ መዝገብ አቀረቡልን። ገጹን ስንገልጥ የቺንጋው መከለያ መውለቁ በሦስት ስብሰባዎች ተነሥቶ አገኘን። በሦስቱም የተጻፈው ውሳኔ አንድ ነው፤ «ለሚመለከተው ክፍል ይገለጽ» ይላል። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ግን ሥራ አስኪያጁም፣ የጥገናው ኃላፊም፣ ውሳኔውን የጻፈው ጸሐፊም ሊነግሩን አልቻሉም። ከአደጋው በኋላ የብየዳ ሠራተኛው ከወዳደቀ ላሜራ መከለያውን በግማሽ ቀን ሠርቶ ገጠመው።

ሴቲቱን በሆስፒታል ሄደን ስናነጋግራት፣ «የቺንጋው ነፋስ ነጠላዬን ሲስበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለካቦውም ነግሬው ነበር» አለችን። ካቦው ግን የኮሚቴው አባል አልነበረም። ከኮሚቴው አባላትም መካከል በሌሊት የሚሠራ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ከዚያ መዝገብና ከዚህች ሴት ቃል የተነሣ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አባላቱ አመራረጥ እንመልከት። በብዙ ቦታ የኮሚቴ አባል የሚሆነው ሥራ የማይበዛበት ሰው ወይም ለአለቃው የሚቀርብ ሰው ነው። ይህ ልማድ ትክክል አይደለም። የሠራተኛውን ወገን ሠራተኞች ራሳቸው ሊመርጡ ይገባል፤ ቍጥራቸውም ከአሠሪው ወገን ቢያንስ እኩል ይሁን። ከየሥራው ክፍል አንድ ሰው ይኑር፤ በሌሊት ተረኛ የሚሠራ፣ ከጽዳት ሠራተኞች አንድ፣ ከሴቶች አንድ አይታጣ። በጊዜያዊነት የተቀጠሩትም ሊረሱ አይገባም፤ መሣሪያውን ገና አልለመዱትምና አደጋው ለእነርሱ ይቀርባል። ከአሠሪው ወገን ደግሞ ገንዘብ ወጪ ሊያደርግ ሥልጣን ያለው ሰው የግድ ሊቀመጥ ያስፈልጋል። እርሱ በሌለበት የሚደረግ ስብሰባ ምኞት ከመግለጽ አያልፍም። ቍጥሩ ከስድስት እስከ ስምንት ቢሆን ይበቃል፤ ሃያ ሰው የተቀመጠበት ኮሚቴ ንግግር ያበዛል፤ ጥገና ግን አያበዛም።

በአገራችን ይህ ነገር ለበጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በ92ኛው አንቀጽ አሠሪው የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብና የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዝዘዋል። እንዲሁም ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ ለሠራተኞቹ እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጣቸው፣ በሥራ ላይ የደረሰውን ጉዳትና ከሥራ የመጣውን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪው እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው ያየውን ብልሽትና ራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲገልጽ ያስገድዳል። አንባቢው ልብ ሊል የሚገባው ይህን ነው፤ የጠራጊዋ ሴት ለካቦው መናገር ሕግ የሚጠይቀው ግዴታ ነበር፤ እርስዋ ግዴታዋን ፈጽማለች።

ሠራተኛ ያየውን አደጋ የሚያሰማበት መንገድ ሲያጣ ጥፋቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማስረዳት፣ በባንግላዴሽ አገር የሆነውን እንጥቀስ። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. በዋና ከተማው በዳካ አጠገብ፣ በሳቫር የነበረው ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተሰነጠቀ። በታችኛው ወገን የነበሩት ባንክና ሱቆች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። በላይኞቹ ፎቆች ልብስ የሚሰፉት ሠራተኞች ግን በማግስቱ ወደ ሥራቸው እንዲገቡ ታዘዙ። በዚያው ዕለት ጠዋት ሕንፃው ፈርሶ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ስንጥቁ የተሰወረ አልነበረም፤ ከዋዜማው ጀምሮ ሁሉ አይቶታል፤ ሠራተኛውም ለመግባት ፈርቶ ነበር። ያጣው ነገር ፍርሃቱን ሰምቶ ሥራውን የሚያስቆም አካል ነው። በሐምሌ ወር የአገሩ የሥራ ሕግ ተሻሽሎ፣ 50 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ ሁሉ የደኅንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ተደነገገ። ሕጉ የመጣው ግን ከቀብሩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ገና ሲቋቋም አንድ ነገር በጽሑፍ ይወሰን፤ ከባድና ቅርብ የሆነ አደጋ ሲታይ ሥራውን ወዲያው ሊያስቆም የሚችለው ማን ነው? በ1973 ዓ.ም. የወጣውና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት፣ በቂ ምክንያት ኖሮት ለሕይወቱ ከሚያሰጋ ቅርብ አደጋ የራቀ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት እንዳይጐዳ ይጠብቀዋል። ይህን ቃል የኮሚቴው አባላት ብቻ ሳይሆኑ ካቦዎች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ወደ ስብሰባው እንለፍ። ስብሰባ በወር አንድ ጊዜ፣ በሥራ ሰዓት፣ ከደመወዝ ሳይቀነስ ይደረግ፤ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ከስብሰባው በፊት ግን አባላቱ በእግራቸው የሥራውን ቦታ ይዙሩ። በእንግሊዝ አገር በ1969 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የሠራተኞቹ የደኅንነት ተወካዮች በየሦስት ወሩ የሥራውን ቦታ እንዲመረምሩ መብት ሰጥቷቸዋል፤ እኛ በየወሩ ቢሆን እንመርጣለን። ሲዞሩ ከአለቆች ይልቅ በመሣሪያው ላይ ያለውን ሰው ይጠይቁ። «ችግር አለን?» ብሎ መጠየቅ «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚል መልስ በቀር ሌላ አያስገኝም። «በዚህ ሳምንት ለጥቂት የተረፍህበት ነገር ምን ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ ይሰማል። ለጥቂት የተረፈ አደጋ ሰው ሳይጐዳ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ነውና፣ ጉዳት እንዳደረሰው አደጋ ተቈጥሮ በመዝገብ ይግባ።

መዝገቡ ረጅም ንግግር የሚጻፍበት አይሁን። በአምስት ዓምድ ይከፈል፤ የታየው ጕድለት፣ የተወሰነው ሥራ፣ የሚፈጽመው ሰው ስም፣ የሚፈጸምበት ቀን፣ የተፈጸመበት ቀን። በሦስተኛው ዓምድ የክፍል ስም አይጻፍ፤ የሰው ስም ይጻፍ። «የሚመለከተው ክፍል» እጅ የለውም፤ መፍቻም አይዝም። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት ከአዲስ ጉዳይ አስቀድሞ ያለፈው ዝርዝር ይነበብ፤ አምስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ሰው ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ። ገንዘብ ከሌለ፣ እስኪገኝ ድረስ መሣሪያው ይቁም ወይስ በምን ጥንቃቄ ይሠራ የሚለው በዚያው ሰዓት ይወሰን። ሁለት ጊዜ የተላለፈ ጉዳይ በሰብሳቢው ፊርማ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይቅረብ። ስለ ምልዓተ ጉባኤና ስለ ድምፅ አሰጣጥ በዚህ አንዘገይም፤ በማናቸውም ማኅበር እንደሚደረገው ነው።

መፍትሔ ሲፈለግ የቅደም ተከተሉ ነገር መታወቅ አለበት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ከሁሉ አስቀድሞ አደጋውን ከሥሩ ማስወገድ ይቻል እንደ ሆነ ይታይ፤ ካልተቻለ ባነሰ ነገር መለወጥ፣ ቀጥሎ መከለልና አየር ማስወጫ ማድረግ፣ ከዚያም የሥራውን ሥርዓት ማስተካከል ነው። ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የራስ ቍር የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ብዙ ኮሚቴዎች ከዚህ ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ዋጋው ስለሚያንስና ፎቶግራፍ ለመነሣት ስለሚያምር ይመስለናል። ከሁሉ ርካሽ የሆነው መድኃኒት ግን ልማድ ነው፤ መሣሪያ ሲጸዳና ሲጠገን ኤሌክትሪኩ ተቈርጦ ማብሪያው ይቈለፍ፤ ቍልፉም በሚጠግነው ሰው ኪስ ይሁን።

አደጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ምርመራው «ማን አጠፋ?» በሚል አይጀመር። በአንድ ጋራዥ ክሪክ ሸርተት ብሎ የወጣቱን መካኒክ እግር ሰበረ እንበል። «ጥንቃቄ ስለጐደለው ነው፤ ወደ ፊት ይጠንቀቅ» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው። ነገር ግን በክሪክ ብቻ ለምን ሥር ገባ? የብረት ድጋፉ ስላልነበረ። ለምን አልነበረም? አንዱ ተሰብሮ ሌላው በሌላ መኪና ሥር ስለ ነበረ። የተሰበረው ለምን አልተበየደም? የብየዳው ዘንግ ከዕቃ ግምጃ ቤት አልቆ ስለ ነበረ። ለምን አልተገዛም? የግዥ መጠየቂያው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ስለ ተቀመጠ። ለዚህ እግር መሰበር መድኃኒቱ ያለው በመካኒኩ ዘንድ ሳይሆን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አደጋን የሚናገር ሰው ከተቀጣ ወይም ከተሰደበ፣ ከዚያ በኋላ ኮሚቴው የሚሰማው ነገር አይኖርም። እምነት ለመገንባት አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ለማፍረስ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይበቃል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሣ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች አደጋ ላልደረሰበት ክፍል ሽልማት ይሰጣሉ። ሐሳቡ በጎ ቢሆንም፣ ሠራተኛው የቈሰለ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲደብቅ ያስተምረዋል። ሽልማት የሚሰጥ ከሆነ አደጋን አስቀድሞ ላሳየ ሰው ይሰጥ።

ጤና ጥበቃን በሚመለከት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ደም ሳይፈስ የሚመጣው ጉዳት ነው። የተሰበረ ክንድ ሁሉ ያየዋል፤ የተጐዳ ሳንባ ግን ለብዙ ዓመት አይታይም። በጥጥ ፋብሪካ ብናኝ የሚተነፍስ ሠራተኛ ዕረፍት አድርጎ ሰኞ ሲመለስ ደረቱን ጠበብ ያደርገዋል፤ በሳምንቱ መካከል ይሻለዋል፤ ብርድ ነው ብሎም ያልፈዋል። ይህ ምልክት ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ የታወቀ በሽታ መጀመሪያ ሲሆን፣ ዓመታት ሲያልፉ የማይድን የሳንባ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የኮሚቴው አባል ሰኞ ጠዋት የሚያስለውንና የሚያቃስተውን ይቍጠር። ጩኸትንም ያለ መለኪያ መሣሪያ ለመገመት ይቻላል፤ በሁለት ክንድ ርቀት የቆመን ሰው ለማነጋገር ድምፅን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ፣ ያ ጩኸት በጊዜ ብዛት ጆሮን ይጐዳል። በጋራዥ አሮጌ ባትሪ የሚፈታ ሰው ደግሞ የእርሳስን መርዝ በእጁና በልብሱ ይዞ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመታጠቢያ ውሃ፣ ሳሙናና የሥራ ልብስ መለወጫ ስፍራ የኮሚቴው ጉዳይ ነው።

መምህራን ሆይ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍል ወይም የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በትንሹ ሊያደርገው ይችላል። አንድ መምህር፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊና ሁለት ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ይዙሩ፤ ስማቸው የተፋቀ ጠርሙሶችን፣ መከለያ የሌለውን መጋዝ፣ በቍልፍ የተዘጋውን የአደጋ ጊዜ በር ይመዝግቡ። በዚህ የለመደ ተማሪ ነገ በፋብሪካ ሲቀጠር የሚጠይቀውን ያውቃል።

በመጨረሻም ዝርዝሩ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ሠራተኛው በሚገባበትና በሚወጣበት በር ላይ፣ ስሙና ቀኑ በጕልህ ተጽፎ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት ካቦው በተረኛ መለዋወጫ ሰዓት ያንብብላቸው፤ ይልቁንም በሌሊት ለሚገቡት።