የአፈር አያያዝና ሙቀት አማቂ ጋዞች፦ ከጉንደ ወይን ማሳዎች የሚገኝ ትምህርት

ድርቅ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው የዝናቡ መቅረት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱን የሚያከብደው ወይም የሚያቀልለው አፈሩ ቀደም ብሎ የቆየበት አያያዝ ነው። ይኸው አያያዝ የአየር ንብረትን ከሚለውጡት ሙቀት አማቂ ጋዞች ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። ኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት እንደተመለከተው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ከወጣው 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝ ግማሹ የመነጨው ከእርሻና ከከብት እርባታ ነው።

ሀ. አፈር የያዘው ሀብት

በዓለም አፈር የላይኛው አንድ ሜትር ውስጥ 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ይገኛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ይበልጣል። ካርቦኑ በብስባሽ መልክ ሲኖር ውኃ ያቁራል፣ አፈሩን ያያይዛል፣ ሰብሉንም ይመግባል። መሬቱ እየታረሰ ብስባሹ ሳይተካ ሲቀር ግን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይፈጩትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል።

ለ. የማሳውና የምድጃው ግንኙነት

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ በዚህም የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ ይታረሳል። ገለባው ለከብት ይቀርባል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ ከማሳው የወጣው ወደ ማሳው አይመለስም።

ይህንን በገበሬው ቸልተኝነት ማሳበብ ስሕተት ነው። ባለቤቲቱ ኩበት የምታነደው እንጀራ የምትጋግርበት ሌላ ማገዶ በማጣቷ ነው። በመሆኑም እበቱ ወደ ማሳ እንዲመለስ የሚያስተምር ሠራተኛ፣ በእበቱ ፈንታ ምን እንደሚነድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ከእርሻው ራቅ ብሎ የሚተከል ባሕር ዛፍና ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ለጥያቄው በከፊል መልስ ይሰጣሉ።

ሐ. ዩሪያና የውኃ መቋጠር

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። በተለምዶ ስሌት ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶ ያህሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። መጠኑ 0.7 ኪሎ ግራም ያህል ቢሆንም፣ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ሙቀት ስለሚያምቅ ውጤቱ ከ200 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። ውኃ በሚቋጥር ዋልካ መሬት ላይ ብክነቱ ይብሳል። ስለዚህ ዩሪያውን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ሰብሉ በሚፈልገው ወቅት ከፋፍሎ መስጠት፣ ትርፉን ውኃም ቦረቦር በማያስከትል ፈሰስ ማውጣት፣ ገንዘብንም አየርንም ያድናል።

መ. የእርከን ሥራ

በጎጃም ደምበጫ አጠገብ በምትገኘው አንጀኒ በ1984 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በተፋሰሱ ላይ የአፈር እርከን ተሠርቷል። ከዓመታት በኋላ በእርከኖቹ መካከል ያለው ተዳፋት ደረጃ መሬት ወደ መሆን ተቃርቧል። በጎርፍ የማይታጠብ አፈር ብስባሹንም ይዞ ይቀራል፤ ፍሬው የሚገኘው ግን እርከኑ በየዓመቱ ሲጠገን ነው።

ሠ. የሠፈራ ትምህርት

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች፣ በዚያን ጊዜ በጎጃም ሥር ወደነበረው መተከልም ጭምር ሠፍሯል። ደን ሲመነጠር በዛፉና በአፈሩ ለዘመናት የተከማቸው ካርቦን በጥቂት ዓመታት ይወጣል። አዲሱ መሬት እንደ አሮጌው ከተያዘም ድካሙ በዚያው ይደገማል።

ረ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች ገበሬው ስለ ዓለም አየር እንዲጨነቅ አይጠይቁም። ብስባሹን በማሳው ያቆየ ገበሬ ዝናብ ባጠረበት ዓመት የተሻለ ምርት ያገኛል፤ ከቀዬውም የመፈናቀሉ አደጋ ይቀንሳል። የሠራተኛው ድርሻ የምድጃውን ችግር ከማሳው ችግር ሳይነጥል አብሮ ማቀድ ነው።