የንግድ መደብርን ዋጋ ስለ መገመት፤ ከሐኪሞች ጥናት የሚገኝ ትምህርት

ነጋዴ የሸቀጥን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል። የስኳሩ፣ የጨርቁ፣ የቆርቆሮው ዋጋ ዛሬ ስንት እንደ ሆነ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል። ነገር ግን መደብሩ ራሱ ስንት ያወጣል ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል። ይህም ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ሸሪኮች ሲለያዩ፣ ወራሾች ሲካፈሉ፣ ባለመደብሩ በዕድሜ ሲደክም ይነሣል። ግምቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ የብዙ ዘመን ድካም በርካሽ ይሄዳል፤ ወይም ገዢው ያላየውን ዕዳ ይሸከማል፤ ወንድማማቾችም በፍርድ ቤት ይቆማሉ።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መደብር ማለት የዕቃ ክምችት ብቻ እንዳልሆነ፣ ዋነኛው ክፍሉ መልካም ዝና መሆኑን ደንግጎ ነበር። መልካም ዝና ማለት ደንበኞች ነገም ወደዚያው መደብር ይመጣሉ ተብሎ ከመጠበቁ የሚገኝ ዋጋ ነው። ያ ሕግ ስለ መደብር የያዘው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም፣ ይህ አሳብ ለማንኛውም ገማች ዛሬም መነሻ ነው። እንዲሁም ጆን በር ዊልያምስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድ ሀብት ዋጋ ወደ ፊት ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ሲደመር የሚገኘው ነው ሲል አስረድቷል።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በጉርድ ሾላ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር አለ እንበል። የዕቃው የመግዣ ዋጋ 900,000 ብር፣ የመደርደሪያውና የሚዛኑ ዋጋ 100,000 ብር፣ ከደንበኞች በርግጥ የሚሰበሰበው ዱቤ 100,000 ብር ነው። ለአስመጪዎች የሚከፈለው ዕዳ 250,000 ብር ሲቀነስ የተጣራው ሀብት 850,000 ብር ይሆናል።

ባለመደብሩ «በዓመት 300,000 ብር አተርፋለሁ» ይላል። ገዢው በሚያወጣው ገንዘብ ላይ በዓመት ከመቶ 20 ትርፍ የሚፈልግ ቢሆን፣ 300,000 ብር በ5 ተባዝቶ 1,500,000 ብር ይወጣል። ነገር ግን ባለመደብሩ ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ ቆሞ ሲሸጥ ለራሱ ደመወዝ አልቆረጠም። በእርሱ ቦታ ሠራተኛ ቢቀጠር 120,000 ብር የሚጠይቅ ከሆነ፣ እውነተኛው ትርፍ 180,000 ብር፣ ዋጋውም 900,000 ብር ብቻ ነው። መልካም ዝናው 50,000 ብር ሆነ ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ የ600,000 ብር ልዩነት ሊመጣ ነበር።

ሌላም ጥያቄ አለ። የቤቱ ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያልቅና አከራዩ የማያድስ ቢሆን፣ የሁለቱ ዓመት ትርፍ በዛሬ ዋጋ 275,000 ብር ይሆናል፤ 850,000 ብሩም ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይጎድል ቢሰበሰብ ዛሬ 590,000 ብር ያህል ነው። ድምሩ ወደ 865,000 ብር ይወርዳል። የመልካም ዝናው ዋጋ ከ50,000 ወደ 15,000 ብር ወረደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሒሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ከባለቤቱ አፍ ነው የሚገኘው። በዚህ ረገድ ሐኪሞች ስለ ራሳቸው ያደረጉት ምርመራ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት 74 የሕክምና ጉብኝቶችን መርምረው፣ ሕመምተኛው የመጣበትን ነገር ተናግሮ የጨረሰው በ17ቱ ብቻ መሆኑን አገኙ። ሐኪሙ በአማካይ ከ18 ሰኮንድ በኋላ ንግግሩን ያቋርጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ጥናትም ተናግረው እንዲጨርሱ የተፈቀደላቸው ሕመምተኞች ከተቋረጡት ይልቅ በአማካይ የፈጁት 6 ሰኮንድ ብቻ መሆኑን አሳየ። የተቋረጡት ግን ሳይናገሩት የቀረውን ጉዳይ በስንብት ሰዓት ሊያነሡት ይችላሉ።

የመደብር ገዢም እንደዚሁ ነው። ቸኩሎ «ስንት ትላለህ?» ብሎ ከጀመረ ሻጩ የሚነግረው ዋጋውን እንጂ ነገሩን አይደለም። «መደብሩን ለመሸጥ ምን አሰቡ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ቢል ግን፣ የአከራዩ ነገር፣ የትልቁ ደንበኛ መራቅ፣ የቤተ ሰቡ አለመስማማት ሁሉ ቀስ በቀስ ይወጣል።

ስለ ሥፍራም መጠየቅ ይገባል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር በጉርድ ሾላ ማቆሚያ ተደርጎለታል። በማቆሚያው አጠገብ ያለ ሱቅ መንገደኛ ያገኛል፤ ከአጥሩ ማዶ የቀረ ሱቅ ግን የቀድሞ ተሻጋሪ ደንበኛውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ትርፍ ብቻ አይቶ የመጪውን መገመት አይበቃም።

ግምትና ገበያ አንድ እንዳልሆኑም ማወቅ ያስፈልጋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ከድርሻው ከመቶ 10 የሚሆን 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ጠቅላላ ድርጅቱ 300 ቢሊዮን ብር ተገምቶ ነበር ማለት ነው። የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ያህል፣ ገንዘቡም 3.2 ቢሊዮን ብር ነው። አንድ ሰው ከ3,333 አክሲዮን በላይ እንዳይገዛ መወሰኑም መዘንጋት የለበትም። የገማቹ ቁጥር መነጋገሪያ ነው፤ ዋጋ የሚሆነው ገዢ ሲገኝለት ነው።

ስለዚህ ሊሸጥም ሊገዛም የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የሦስት ዓመት ሒሳቡን ያዘጋጅ፤ ለራሱ ድካም ደመወዝ ይቁረጥ፤ የማይሰበሰበውን ዱቤ ይለይ፤ የኪራይ ውሉን ቀን ይመልከት። ከዚያም ሌላው ወገን ተናግሮ እስኪጨርስ ይታገሥ። ጥቂት ሰኮንድ በዝምታ መታገሥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሳያዳምጡ የተፈረመ ውል ግን የዕድሜ ልክ ጥሪትን ሊያሳጣ ይችላል።