ሮሐ እንዴት ላሊበላ ተባለች?

በላስታ፥ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ከተማ ዛሬ ሰው ኹሉ ላሊበላ ይላታል። የቀድሞ ስሟ ግን ሮሐ ነበረ። ስሟ የተለወጠበትን ምክንያት ብንመረምር ለነፍስ የሚጠቅም ትምህርት እናገኝበታለን።

ላሊበላ አስቀድሞ የሕፃን ስም እንጂ የአገር ስም አልነበረም። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት፤ እናቱም ይህን አይታ፥ ንብ ንግሥናውን ዐወቀችለት ስትል ላሊበላ ብላ እንደ ሰየመችው ገድሉ ይተርካል። እርሱም አድጎ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነገሠ፤ ስመ መንግሥቱም ገብረ መስቀል ተባለ፤ ይኸውም የመስቀል አገልጋይ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ብዙ ድካምና መከራ ነበረበት። ስለዚህ ንጉሡ ምእመናን በአገራቸው ሳሉ ቅዱሳት መካናትን እንዲያስቡ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዓለት እንዳሳነጸ አበው ያስተምሩናል። ስማቸውንም እንመልከት፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም፥ ቤተ ማርያም፥ ቤተ ጎልጎታ ይባላሉ፤ በመካከላቸው የሚወርደውም ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በንጉሡ ስም የተጠራ አንድ እንኳ የለም።

እንግዲህ ከተማዪቱን በስሙ የጠራት ማን ነው? በኋላ የመጣው ሕዝብ ነው። ንጉሡ ለራሱ ያልፈለገውን ስም ትውልድ ሰጠው።

በሰናዖር ሜዳ ግንብ የሠሩትን ሰዎች እናስታውስ። እነርሱ የደከሙት ስማቸውን ለማስጠራት ነበረ፤ ነገር ግን ቋንቋቸው ተደባለቀ፥ ከተማቸውም ባቢሎን ተባለች፤ የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። ስሙን የፈለገ ስሙን አጣ፤ የፈጣሪውን ስም ያስቀደመ ግን ስሙ ለአገር ተረፈ።

እኛስ ከማን ወገን ነን? ለቤተ ክርስቲያን ደወል ወይም መጋረጃ ስንሰጥ፥ ስማችን ካልተጻፈበት፥ በጉባኤም ካልተነገረልን የምናዝን ከኾነ፥ ልባችን ከሮሐ ርቆ በሰናዖር ሜዳ ሰፍሯል። እጃችን ይሥራ፤ ስማችንን ግን ለእግዚአብሔር እንተውለት፤ እርሱ የሠራተኛውን ዋጋ አይረሳምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።